የወናፉ ተራ

ሰቆጣ መብራት ሊገባ ነው ሲባል ሰው ሁሉ የፈነደቀው ስለ አምፖል ነበር፤ ማንጠግቦሽ ግን እልል ያለችው ስለ ወናፍ ነው። አምፖል ምን ሊሠራላት! የእሷ መንደር ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ ሽቦው እዚያ አልደረሰም፣ ቶሎ ይደርሳል ብላም አልጠበቀች። የመጨረሻው ምሰሶ የቆመው ከከተማው ጫፍ፣ ከቀጥቃጩ ከምንይሉ ደጅ ነው። ለእሷ ይኸ በቃት። ኧረ ተረፋት!

ወናፍና መብራት ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ የምንይሉን ቤት ደንብ አያውቅም ማለት ነው። ምንይሉ ማረሻ የሚስለው በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ነው። እሳቱን የሚያነደው ግን እሱ አይደለም። ማረሻ ያመጣ ገበሬ ከሰሉንም፣ ወናፉን የሚነፋ ጉልበተኛም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ደንብ ነው፤ “የነፋ ነው ባለተራ” ይባላል። ሰው ያለው ቀድሞ ይነፋል፣ ቀድሞ የነፋ ቀድሞ ይቀጠቀጥለታል፤ ሰው የሌለው ዳር ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ሴት ደግሞ ወናፍ አትነካም። ሴት በነፋችው እሳት የጋለ ብረት ይሰነጠቃል ይላሉ። ሲሰነጠቅ ማን አየ? ማንም። ግን ይላሉ።

ማንጠግቦሽ እንግዲህ ሰው የላትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ምሳው ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ ወረደ፣ ከዚያ ሱዳን ተሻገረ ተባለ፣ አሁን አሁንማ የት እንዳለ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ያላት አንድ በሬና አንድ ማረሻ ነው። ጎረቤቷ አያ ደብሬ ደግሞ አንድ በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር አላቸው። ሁለቱ በመቀናጆ ይኖራሉ፤ በሬዎቻቸውን ያጣምሩና አያ ደብሬ የሁለቱንም መሬት ያርሳሉ። አርጅተዋል፣ ቢሆንም እርፍ ከጨበጡ ጎረምሳ ያስንቃሉ። ወናፍ ላይ ግን አይሆኑም። የከሰሉ ጭስ ገና ሲሸታቸው ሳላቸው ይነሳና ሰው ደግፎ ያወጣቸዋል።

የመንደሩ ሀብታም ካሤስ? ካሤ በሬው ብዙ፣ የሚቀልበው ሰው ብዙ ነው። ክፉ ነው እንዳይባል ይስቃል፣ ይጋብዛል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ሰኔ ግም ሲል ግን ጉልበተኞቹን አስከትሎ፣ ከሰሉን በአህያ አስጭኖ ምንይሉ ደጅ ይደርስና ወናፉን ያስይዛል። የእሱ ማረሻዎች ሲያልቁ የዘመዶቹ ይገባሉ፤ የዘመዶቹ ሲያልቁ የወዳጆቹ። የዋግ ዝናብ ደግሞ አመሉ የታወቀ ነው፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቸኩሎ ይሄዳል። የማንጠግቦሽ ተራ ሲደርስ ዝናቡ ያልታረሰ መሬቷን አጥቦላት ሄዷል። ያኔ ካሤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እቴ፣ መሬቱ ጦሙን ከሚያድር በእኩል ልረስልሽ” ይላታል። እሷም እሺ ትላለች፤ የቸገረው ምን ይላል? መከር ሲደርስ ግማሹ እህሏ ወደ ካሤ ጎተራ ይጋዛል። በዚያ እህል ካሤ ሰው ይቀልባል። እነዚያ ሰዎች በከርሞው ወናፉን ይዘው እሷን ያስጠብቋታል። በገዛ እህሏ! ይኸ ነገር አንድ ቀን ምስር ስትለቅም ድንገት በራላትና ሰፌዱን ጥላ ብድግ አለች።

ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። ግንቦት ላይ ካሤ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ “በየዓመቱ ከምንለማመጥ አንዱን እንቁረጥ። የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ፀሐይ ስትወጣ የተጠመዱ በሬዎች እርሻሽ ውስጥ ከታዩ መሬትሽን አልጠይቅሽም። ካልታዩ ግን ለዘለቄታው እኔ ልያዘው፣ አንቺ ድርሻሽን ተቀበዪ” አላት። ደሟ ፈላ። “እሺ!” አለች። ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ምንይሉ በዚያው ሰሞን ፍየሎቹን ሸጦ መቀሌ ሄደ፣ ሲመለስም ማራገቢያ የተገጠመለት ዲናሞ በጆንያ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። ስሙንም “አይደክሜ” አለው። ገበያ መሐል ቆሞ፣ “ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሳይገባ፣ እኔ ደጅ ወናፍ የሚነፋ ሰው አይኖርም! መብራቱ ይነፋል!” እያለ ሲጮህ ያልሰማ የለም። ሰው ሳቀበት። ድሮም ከምንይሉ ቤት እህል የማይቀምሰው፣ ባለ እጅ ነው እያለ የሚያማው ይበዛል፤ ማረሻውን ግን ይዞለት ይመጣል። ማንጠግቦሽ ብቻ አልሳቀችም። ጨው ልትገዛ የመጣችውን ረስታ፣ እየሮጠች ወደ አያ ደብሬ ቤት ተመለሰች።

“አያ ደብሬ፣ ዘንድሮ እናርሳለን!”

“ማረሻውን ማን ሊስልልሽ ነው?”

“ምንይሉ ነዋ! መብራቱ ሊነፋለት ነው።”

አያ ደብሬ ሲገርማቸውም ሲናደዱም ወደ አገው ቋንቋቸው ወደ ኽምጣኛ ይገባሉ፤ ያኔም ገቡ። ትንሽ ቆይተው በአማርኛ፣ “ነፋስ በሽቦ ሲመጣ አይቼ አላውቅም፣ ልጄ” አሉ።

“አላዩማ! እኔስ መቼ አየሁ? እርስዎ ብቻ ሞፈሩን ያሰናዱልኝ።”

“ሞፈሩስ ተሰናድቶ ነው የሚኖረው። ማረሻውን አምጪ።”

ሽቦው ዛሬ ነገ ሲባል ከርሞ ምንይሉ ደጅ የተቀጠለው ሰኔ አሥር ቀን ነው። አመሻሹ ላይም ዝናቡ ጣለ። ማንጠግቦሽ የቆርቆሮውን ጩኸት ስትሰማ ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ ያዛት። መሬቱ ርሷል፤ ግን የቀረው ነገ ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው፣ በሚካኤል መዶሻ አይነሳም። ማረሻዋ ነገ ካልተሳለ መሬቱ የካሤ ነው።

በማለዳው ዶልዱሞ አውራ ጣት ያከለ ማረሻዋን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ፣ ጥቂት ከሰል በቅርጫት ይዛ ምንይሉ ደጅ ደረሰች። ከእሷ በፊት የመጣ የለም። ምንይሉ በርከክ ብሎ ሽቦ ያያይዛል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

“ያመሃል እንዴ?” አለችው።

“ደስታ ነው፣ እቴ! ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ከቤት ብቅ እያልኩ አለ ወይ ብዬ አየዋለሁ።” ከሰሏን አየ። “ከሰሉን እዚያ አድርጊው። ለአይደክሜ ጥቂት ይበቃዋል። የሰው ጉልበት እየደከመ ስለሚነፋ ነው ያ ሁሉ ከሰል የሚባክነው።”

ወዲያው የአህያ ኮቴ ተሰማ። ካሤ ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከኋላው ጓንጉልና ሌሎቹ ጉልበተኞች፣ ሁለት ጆንያ ከሰል፣ የታሰረ የማረሻ ሸክም። ጓንጉል የካሤ ዋና ሰው ነው፤ በወናፍ ማንም አይደርስበትም። ማንንም ሳያይ እንደ ለመደው ገብቶ በወናፉ አጠገብ ተቀመጠና እጁን ማሰሪያዎቹ ውስጥ ከተተ።

“ተነሣ፣ ጓንጉል” አለ ምንይሉ።

“ለምን? ልነፋ ነው እንጂ።”

“ተነሣ ነው የምልህ! ዛሬ አንተ እንግዳ ነህ። ቁጭ ብለህ እይ!”

ምንይሉ አማትቦ ማብሪያውን ተጫነ። አይደክሜ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ እሳቱም ከምድጃው ብድግ አለ። ምን ልበላችሁ! ቀይ ነው የማይባል፣ ወደ ነጭነት ያደላ እሳት። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከካሤ ሰዎች አንዱ ወጥቶ ሮጠ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይቀርበት ብሎ ሮጦ ተመለሰ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ገባ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ዲናሞውን ከኋላው በኩል እየዞረ የተደበቀ ሰው ይፈልጋል። ማንጠግቦሽ ሳታስበው እያጨበጨበች ነበር። ማንም ሳያልበው፣ ማንም ሳይቀለብ፣ ማንም ሳይለመን የሚነድ እሳት! ጓንጉል ብቻ ከወናፉ ተነሥቶ ጥግ ይዞ ቆሟል። እጆቹ ግን ጭኑ ላይ ሆነው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ በሕልሙም የሚነፋ ይመስላል።

ካሤ ጎርፍ እንደ ደረሰበት ሰው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ሳቀ። “በል ጥሩ ነው፣ ምንይሉ። ጥሩ አድርገሃል። እንግዲህ የኔን ክተት።”

ምንይሉም በልማዱ እጁን ወደ ካሤ ማረሻዎች ሰደደ። ሰደደና ተወው። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ለካ ተራ ማለት በዚያ ቤት መንፋት ነበር፤ የሚነፋ ሰው ከሌለ ተራው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም! አንዱ “የታላቅ ይቅደም” አለ። ሌላው “የሩቅ አገር ሰው ይቅደም” አለ። ከዚያው ከዋግ፣ ከዝቋላ ወረዳ የመጣ አንድ ባለ ፍየል፣ ማረሻም ሳይዝ፣ “የኔ ይቅደም” አለና አሳቀ።

ማንጠግቦሽ ወደ ምድጃው ተጠጋች። ነጠላዋን ፈታ ማረሻዋን ምድጃው ጫፍ ላይ አኖረችው። “ቀድሞ የመጣስ?” አለች።

“ለአንቺ ማን ነፍቶልሽ ነው?” አላት ካሤ።

“ለእርስዎስ ማን ነፋልዎት፣ አያ ካሤ?”

አይደክሜ እየጮኸ ነው። ምንይሉ ላቡን ጠረገ። የዓመት ቀለቡን ከአውድማ የሚሰፍርለት ካሤ ነው፤ ይኸን ሁሉም ያውቃል፣ ማንጠግቦሽም ታውቃለች። ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ምንይሉ እሳቱን አየ፣ ዲናሞውን አየ፣ ደጅ የተኮለኮለውን ሰው አየ። እስከ ትናንት በቀን የሚስለው ማረሻ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ዛሬ ሰውን ሁሉ ሊያስተናግድ ነው።

“ቀድሞ የመጣ ይቀድማል” አለ፤ ድምፁ ግን ቀጠነ። “እሷ ነች የቀደመችው።”

“እንዲህ ነው?” አለ ካሤ። “ግድ የለም። እኔም ዲናሞ እገዛለሁ። አንድ አይደለም፣ ሁለት እገዛለሁ! ሽቦውንም ደጄ አስገባለሁ፣ ቀጥቃጭም ከፃግብጂ አመጣለሁ።”

ምንይሉ ይኸን ሲሰማ ፍርሃቱ ጠፋና ሳቀ። “ይግዙ! እሰይ፣ ይግዙ፣ አያ ካሤ! የርስዎ ሲነፋ የኔ ይቆማል? ሰው ነው እንጂ እርስዎ ሲወስዱት እኔ የማጣው። መብራቱ እንደሆነ ቢወስዱት ቢወስዱት አያልቅም፤ ጎተራ ውስጥ ከተው አይቆልፉበት!” አለና የማንጠግቦሽን ማረሻ በጉጠት ይዞ እሳቱ ውስጥ ወረወረው።

ብረቱ ጠቆረ፣ ቀላ፣ ፍም መሰለ። ምንይሉ መዶሻውን አነሣ። ልክ ያን ጊዜ አይደክሜ ቃተተ፣ ዞር ዞር አለ፣ ቆመ። አናታቸው ላይ የተንጠለጠለችው አምፖልም ድርግም አለች።

መብራት ጠፋ።

ምንይሉ ማብሪያውን ደጋግሞ ተጫነ፣ ሽቦውን ነካካ፣ ዲናሞውን በመዳፉ መታው። ወይ ፍንክች! አንዱ ወጥቶ አየና “ከተማው ሁሉ ነው የጠፋው” ብሎ ተመለሰ።

“መቼ ይመጣል?” አለችው ማንጠግቦሽ ምንይሉን።

“እንጃ፣ እቴ። አሁን ሊመጣ ይችላል። ነገም ሊሆን ይችላል።”

ነገ ሚካኤል ነው።

ካሤ አልጮኸም። እንዲያውም ድምፁ አባታዊ ነበር። “ሰው ይሻላል፣ ልጄ። ሰው አይጠፋም። ጓንጉል፣ ግባና ንፋ። የሷን አውጡትና የኔን ክተቱ።”

ማንጠግቦሽ እሳቱን አየች። ማረሻዋ ከዳር እየጠቆረ ነው። መሬቷን አሰበች፣ አያ ደብሬ አሰናድተው ያቆሙትን ሞፈር አሰበች፣ ያንን የምስር ሰፌድ አሰበች። ጓንጉል ካለበት አልተነቃነቀም። ወናፉ ባዶ ነው። ለምን ባዶ ሆነ? ጠዋቱን ሙሉ የነፋው ማን ነበር? ያን ስታስብ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣባት፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወናፉ አጠገብ ቁጭ አለች።

“ኧረ በስላሴ!” አለ አንዱ።

“ብረቱ ይሰነጠቃል!” አለ ሌላው።

“ማንጠግቦሽ፣ ተነሺ!” አለ ካሤ፤ አሁን ጮኸ። “ወናፍ የወንድ ነው!”

“አይደክሜ ወንድ ነው እንዴ?” አለች፣ እጇን ማሰሪያዎቹ ውስጥ እየከተተች። “ሱሪ ታጥቆ ነው ሲነፋ ያረፈደው? ጢም አይታችሁበታል? ቢሰነጠቅ ማረሻው የኔ ነው!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካሤ ብቻ አልሳቀም።

መንፋት ግን እንደ ንግግሩ አልቀለላትም። ሁለቱን የወናፍ አቁማዳዎች አንድ ላይ ተጫነቻቸው፤ እሳቱ እፍ ብሎ ተኛ። እንደገና ሞከረች፤ አመድ ብቻ ተነሣ። ክንዷ ዛለ፣ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገባ፣ ማረሻው ጠቆረ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ያኔ ከአጠገቧ አንድ ሰው ሲቀመጥ ተሰማት።

“እንዲያ አይደለም፣ እቴ” አለ ጓንጉል። “አንዱ ሲነሣ አንዱ ይውረድ። የግራውን ለኔ ተዪልኝ። በይ፣ ከኔ ጋር፦ አንሺ፣ ጣዪ፣ አንሺ፣ ጣዪ…”

“ጓንጉል!” አለ ካሤ።

ጓንጉል ቀና አላለም። “ተራዋ ነው፣ አያ ካሤ” አለ። “መብራቱ ነው እንጂ የጠፋው፣ ተራዋ አልጠፋም።”

አንሺ፣ ጣዪ፣ አንሺ፣ ጣዪ። እሳቱ ብድግ አለ። ማረሻው ቀላ። ምንይሉ አወጣው፣ መስፉ ላይ አጋደመው፣ ቀጠቀጠው፤ መለሰው፣ ደግሞ ቀጠቀጠው። መጨረሻ ላይ ውሃው ውስጥ ሲነክረው ቤቱ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ጭሱ ጠራ። ምንይሉ ማረሻውን ወደ ብርሃኑ አውጥቶ አገላበጠው፣ በመዶሻው ጫፍ መታ አደረገው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

“ደህና ነው!” አለ። “አንዲት ስንጥቅ የለችበትም!”

ማንጠግቦሽ እልልታዋን ስትለቀው ደጅ የቆሙት ሴቶች ተቀበሏት። የእሷ ግን ከሁሉም በላይ ረዘመ።

ጓንጉል ከወናፉ አልተነሣም። አንድ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ማረሻ አወጣ፤ ከማንጠግቦሽም የባሰ ዶልዱሟል። የራሱ ነው። ስንት ሰኔ የካሤን ሲነፋ የእሱ ተራ ደርሶት አያውቅም። ካሤ ማረሻውን አየና ሌሎቹን ሰዎቹን ዞሮ ተመለከተ። እነሱም አንድ አንድ ብለው ከየጋቢያቸው እያወጡ ነበር። ለካ ሁሉም ይዘው ነው የመጡት! ምናልባት ዛሬ፣ ብለው።

ካሤ ከሰሉና የማረሻ ሸክሙ መሐል ብቻውን ቆመ። ደግሞ የማያውቁት ደጅ እንደ ደረሰ ሰው ዝግ ብሎ፣ “ተራው የማን ነው?” አለ። በዕድሜው ጠይቆት አያውቅም።

“ከነጓንጉል ቀጥሎ ነዎት፣ አያ ካሤ” አለችው ማንጠግቦሽ። “ይቀመጡ፣ አይርቅም።”

አልተቀመጠም። አህያውን ነድቶ ሄደ። ከአፍታ በኋላ አምፖሏ በራች፣ አይደክሜም አጉረመረመ፤ ማንጠግቦሽ ግን ይኸን አላየችም። ገና ያልበረደ ማረሻዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ቁልቁለቱን በሩጫ እየወረደች ነበር።

የሚካኤል ማግሥት ፀሐይ ስትወጣ አያ ደብሬ በኽምጣኛ በሬዎቹን እያወደሱ ሦስተኛውን ትልም ይቀድዱ ነበር። ርጥቡ አፈር እየተገለበጠ ይሸታል። ማንጠግቦሽ ከዳር ሆና ድንጋይ ትለቅማለች፤ ክንዷ አሁንም ያማታል፣ ደስ ይላታልም። ቀና ስትል በመንገዱ ካሤን አየችው። ጉልበተኞቹ የሉም፤ ሁሉም በየእርሻቸው ናቸው። አህያም አላስከተለ። ጋቢውን ታጥቆ፣ የማረሻውን ሸክም በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ከተማው እየገሰገሰ ነው። እርሻውን አየ፣ በሬዎቹን አየ፣ ሸክሙን አስተካከለ።

“ፈጠን ይበሉ፣ አያ ካሤ!” አለችው። “ሰው ሳይበዛ ይድረሱ!”

ካሤም እርምጃውን አፈጠነ።